ዳዊት ከማኅደሩ ሲወጣ

መንዝ ውስጥ ዳዊት የሚደግም ሰው ያለበት ቤት የገባ እንግዳ መጽሐፉን ለማየት ብዙ አይቆይም። በጓሳ ሣር በተከደነው የድንጋይ ቤት ውስጥ፣ ጭስ እንዳይበላው ከምድጃው ራቅ ብሎ፣ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ እንዳለ በጠፍሩ ከችካል ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ጎሕ ሲቀድ፣ ውጭው ገና ውርጭ ሳለ፣ ሰውየው በርኖሱን ደርቦ ያወርደዋል። ማኅደሩ ሲከፈት የቆየ ቆዳና የጧፍ ሽታ ይወጣል። የብራናው የታች ጥግ ጠቁሯል፤ የአባት ጣት፣ የአያት ጣት፣ ምናልባትም የቅድመ አያት ጣት እዚያችው ቦታ ላይ እየያዘ ገልጦታል። በየመክፈያው ጠርዝ ቀይና ሰማያዊ ክር ተሰፍቷል። ሰኞ ከሆነ ከመጀመሪያው እስከ 30ኛው መዝሙር፣ ማክሰኞ ከሆነ እስከ 60ኛው፣ እንዲህ እያለ ቅዳሜ 150ው ያልቃል፤ እሑድ ደግሞ የነቢያት ጸሎት ይደርሳል። ይህ በየሳምንቱ፣ ዕድሜ ልክ ይመላለሳል።

ንባቡ ግእዝ ነው። የሰውየው አፍ ግን አማርኛ ነው። ከሚያነበው ውስጥ የሚገባው ስንቱ ነው? ብዬ ስጠይቅ ማንንም ለማሳነስ አይደለም፤ ከእንቅልፉ ተነሥቶ በዚያ ብርድ ከአምላኩ ጋር የሚነጋገር ሰው ከእኔ ይልቅ ብዙ ያውቃል። ጥያቄው ግን ለዚህ ደጋ ምድር የቆየ ጥያቄ ነው፤ ከአገሩም አልፎ የቆየ ነው።

በሐዋርያት ሥራ 8ኛ ምዕራፍ የህንደኬ ባለሥልጣን የሆነው ኢትዮጵያዊ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። አብሮት ማኅበር የለም፣ ቅዳሴ የለም፣ የጋዛ ምድረ በዳ ብቻ ነው። ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ጠየቀው። ሰውየው የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይሆንልኛል ብሎ ከጎኑ አስቀመጠው። በአገራችን ይህ ታሪክ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ክርስትና ምን ያህል ቀድሞ እንደ ደረሰን ለማስረዳት ነው። እኔን የሚይዘኝ ሌላው ነው፦ መጽሐፉን ለብቻው ከፍቶታል፤ ድምፁን አውጥቶ ያነባል፤ ያልገባውንም አልገባኝም ለማለት አላፈረም። ለብቻ ማንበብና አስተማሪ መሻት በአንድ ሠረገላ ላይ ተቀምጠዋል።

መጽሐፉ ወደ ሸዋ ደጋ በሰፊው የገባው ከዚህ በኋላ ከ12 መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞአ ዘንድ ተምረው ተመለሱ፤ በደብረ አስቦም ገዳም ተከሉ። እርሳቸው ካረፉ በኋላ፣ በ1330ዎቹ መጨረሻና በ1340ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ.፣ ግብጻዊው ጳጳስ አቡነ ያዕቆብ የገዳሙን መነኮሳት ሸዋን ተከፋፍለው እንዲያስተምሩ አሰማሯቸው። መርሐቤቴ ለአባ መርቆሬዎስ ደረሰ። ጊዜው ስማቸው ፊልጶስ የተባለ አባት ገዳሙን የሚመሩበት ነበር፤ የስሙ መገጣጠም ደስ ይለኛል። ከገዳሙ ወደ መርሐቤቴ የሚሻገር ሰው የጀማን ሸለቆ እስከ ቆላው ወርዶ እንደገና አምባውን መውጣት አለበት። በዚያ መንገድ ላይ መጽሐፍ ተሸክሞ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ እግሩ የሄደበት ያውቀዋል። አንድ ወንጌል የብዙ በግና ፍየል ቆዳ ይፈጃል። ቆዳው ይፋቃል፣ ይወጠራል፣ ይሰመራል፤ ቁም ጸሐፊው ተጎንብሶ ወራት ይቀመጣል። ስለዚህ በአንድ ደብር አንድ ወንጌል፣ ሲበዛም ሁለት ነበር። ሕዝቡ የሚያነበው በጆሮው ነው።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ይህንን የጆሮ ንባብ በሕግ አጸኑት። ከመንዝ በስተደቡብ በደብረ ብርሃን ተቀምጠው፣ ካህናት በሁለቱ ሰንበታት ሕዝቡን እየሰበሰቡ ሃይማኖቱንና ጸሎቱን እንዲያስተምሩ አዘዙ፤ ችላ ያለ ካህን ይቀጣ ነበር። ደብረ አስቦንም ደብረ ሊባኖስ ያሉት እርሳቸው ናቸው። ስለ ንጉሡ ጭካኔ ብዙ ሊባል ይችላል፤ የገበሬው ጆሮ መጽሐፍ ያስፈልገዋል ብለው ማሰባቸውን ግን ማለፍ አይገባም።

ከዚያ እሳት መጣ። በ1531 እ.ኤ.አ. የኢማም አሕመድ ጦር ደብረ ሊባኖስን አቃጠለ። በዚያ ዘመን የነደደውን ብራና የቆጠረ የለም።

ከዚያ ጥፋት ከተረፉት አንዱ አባ ተስፋ ጽዮን የተባሉ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበሩ። ሮም ገቡ፤ ከቫቲካን ጀርባ በሚገኘው የሐበሾች ማረፊያ በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀመጡ። ሮም የግእዝን ፊደል ቀድማ አይታዋለች፤ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ከኢትዮጵያ ተሳላሚዎች ተምሮ በ1513 እ.ኤ.አ. ዳዊትን እዚያው አሳትሞ ነበር። በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ እንግዲህ፣ ያው መንዞች ከችካል ላይ የሚያወርዱት ዳዊት ነው። ተስፋ ጽዮንና ጓደኞቻቸው ደግሞ በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። በመጽሐፉ ውስጥ አንባቢውን ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ያተሙት ሰዎች ማንበብ፣ የሚያነቡት እነርሱ ደግሞ ማተም ስላልቻሉ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ እየተደጋገፉ መሥራታቸውን ያስረዳሉ። ይዘውት በሄዱት ብራና ውስጥ የሐዋርያት ሥራ ጎዶሎ ስለነበረ አብዛኛውን ከላቲንና ከግሪክ ወደ ግእዝ መለሱት። አገሩ የተቃጠለበት መነኩሴ፣ በባዕድ ከተማ፣ ፊደሉን በማያውቁ አታሚዎች እጅ ያንን መጽሐፍ ሲያወጣ ሳስብ ልቤ ይነካል። ገዳሙ ቢነድም ለሚያነብ ሰው መጽሐፍ እንዲኖር ፈለጉ።

እዚህ ደጋው ላይ ኑሮ እንደገና ተቀጠለ። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነጋሢ ክርስቶስ ከመንዝ፣ ከአጋንቻ ተነሥቶ የሸዋን ሥርወ መንግሥት መሠረተ። አብያተ ክርስቲያናት ተተከሉ፣ ደብር ሲኖር የኔታ ይኖራል፣ የኔታ ሲኖር ልጅ ይሰበሰባል።

የዚያ ልጅ ትምህርት እስከ እኛ ዘመን ድረስ ብዙም አልተለወጠም፤ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ደበሎ ለብሶ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል። ሀሁ ይላል፣ አቡጊዳ ይላል፣ ፊደሉን በስንደዶ እየነካ ይቆጥራል። ፊደሉን ሲለይ ወደ ፊደለ ሐዋርያ ይሻገራል። ፊደለ ሐዋርያ የመጀመሪያይቱ የዮሐንስ መልእክት ናት፤ የመንዝ ልጅ በሕይወቱ መጀመሪያ የሚያነበው መጽሐፍ፣ እንግዲህ፣ ወንድምን ስለ መውደድ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። በግእዝ ንባብ ያወጣዋል፣ በውርድ ንባብ ያወርደዋል፣ በቁም ንባብ ያሳምረዋል፤ ማንሣቱን፣ መጣሉን፣ ማጥበቁን፣ ማላላቱን ሳይስት ይወጣዋል። የሚለው ነገር ግን ገና አልተነገረውም። ከዚያ ወንጌለ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። ማታ ማታ በጨለማ የቃል ትምህርት ይማራል፣ ቀን በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል፣ የመንዝ ውሻ ደግሞ ደበሎ ለባሽ አይወድም። ዳዊቱን የደገመ ልጅ እናት ድግስ ትደግሳለች። ልጄ ዳዊት ደገመ ማለት ለቤቱ ትልቅ ማዕርግ ነው።

አብዛኛው ልጅ እዚህ ላይ ያቆምና ወደ እርፉ ይመለሳል። ጥቂቱ ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያ ወደ ቅኔ ቤት ይሄዳል፤ የግእዙ ምሥጢር የሚከፈትለት ቅኔ ቤት ሲገባ ነው። ከጥቂቱም እጅግ ጥቂቱ መጻሕፍት ቤት ይደርሳል። እዚያ መምህሩ ተቀምጠው ተማሪው አንድ ቃል በግእዝ ሲያነብ ትርጓሜውን በአማርኛ ይሰጡታል። አንድም ይላሉ፣ ሌላ ፍቺ ይጨምራሉ፤ አንድም ይላሉ፣ ታሪክ ያመጣሉ፤ አንድም። ብሉዩ፣ ሐዲሱ፣ ሊቃውንቱ፣ መነኮሳቱ እንዲህ ይወጣሉ። ሙያውን ለመጨረስ ዓመታት ይፈጃል። ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ የተነገረው በውጭ አገር ማተሚያ ቤት ነው ሲሉ ስሰማ ይከፋኛል፤ አማርኛው በአንድምታ ጉባኤ ውስጥ ለብዙ ትውልድ ነበር። ችግሩ ያ አማርኛ ከሊቁ ልብ ወደ ተማሪው ልብ እንጂ ወደ ገበሬው ቤት አለመድረሱ ነው። ገበሬው ግእዙን ይዞ ቀረ፣ ፍቺው ከሊቁ ዘንድ ቀረ።

ሁለቱን አንድ ላይ ለማምጣት የደከመው ሰው ከሸዋ ራቅ ያለ ነበር። አቡ ሩሚ ይባላል፤ የጎጃም ሰው ነው። ኢየሩሳሌምን፣ ሶርያን፣ ፋርስን አይቷል፤ ሕንድ ድረስ ዘልቆ የቋንቋ ሊቁን ሰር ዊሊያም ጆንስን አግኝቷል። በ1808 እ.ኤ.አ. ገደማ ካይሮ ሲገባ አርጅቶ፣ ታምሞና ተቸግሮ ነበር። በዚያ ከተማ የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል የነበረው አስላን ደ ሼርቪል አስጠጋው፤ ሁለቱም ሥራ ጀመሩ። ለ10 ዓመት፣ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ቆንስሉ በሩን ለእንግዳ ዘጋ። የዐረብኛውን መጽሐፍ ቁጥር በቁጥር ቀስ ብለው ያነባሉ። ጠጣር ቃል ሲገጥማቸው ቆንስሉ ዕብራይስጡን፣ ሱርስቱን፣ የሰባ ሊቃናቱን ግሪክ ያገላብጥና ያስረዳል፤ ሽማግሌው ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። ከዘፍጥረት እስከ ራእይ ሲጨርሱ 9,539 ገጽ ሆነ። አቡ ሩሚ ኢየሩሳሌምን ሊሳለም ሄዶ ተመለሰ፤ ካይሮ ላይ ወረርሽኝ ገደለው። የጻፈውን ታትሞ አላየም።

በዚያ የተዘጋ በር ጀርባ የሆነውን ሳስብ የመጽሐፍ ጥናት ማለት ምን እንደሆነ ከዚያ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። ቀኑ የተቆረጠ፣ ደጁ የተዘጋ፣ አንድ ቁጥር ሳይገባ ወደሚቀጥለው የማይታለፍበት።

ዊሊያም ጆዌት የተባለ እንግሊዛዊ በ1820 እ.ኤ.አ. ጽሑፉን ለእንግሊዝና ለውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። ወንጌሎቹ በ1824፣ ሐዲስ ኪዳኑ በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 እ.ኤ.አ. ታተመ። መጻሕፍቱን ወደ ሸዋ ያመጡት ጀርመናውያኑ ኢዘንበርግና ክራፕፍ ናቸው፤ በሰኔ 1839 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደረሱ። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ሲመለስ ክራፕፍ አንኮበር ቀረ። ያየውም ነገር ቀላል አልነበረም። ለካህናቱ ክብሩ ያለው በግእዙ ነበር፤ አማርኛ የገበያና የሙግት ቋንቋ ነው፣ በመጽሐፍ ተጽፎ ሲያዩት ባዶ እግሩን ቤተ መንግሥት እንደ ገባ ሰው ቆጠሩት። ከባዕድ እጅ መምጣቱም ጥርጣሬውን አበዛው። እኔ በዚህ ካህናቱን ለመውቀስ አልቸኩልም። መጽሐፉን በደማቸው ጠብቀው ያቆዩት እነርሱ ናቸው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ይኸው መጽሐፋችሁ ሲላቸው ቆም ማለታቸው ይገባኛል። ሆኖም በዚያ መዘግየት የገበሬው ልጅ ተጎዳ።

ክራፕፍ በመጋቢት 1842 እ.ኤ.አ. ከአንኮበር ወደ ሰሜን ተነሣ። ሰላ ድንጋይ ሲደርስ የንጉሡ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ተቀበሉት፤ በዚያ ተቀምጠው መንዝን የሚያስተዳድሩ ትልቅ ሴት ነበሩ። ከዚያ የመንዝን ደጋ አቋርጦ፣ በግሼ በኩል ከሸዋ ወሰን ወጥቶ ወሎ ገባ፤ እዚያም አዳራ ቢሌ የተባለ ባላባት ሰዎች ያለውን ሁሉ ዘረፉት። ወደ ሸዋ ሊመለስ ቢፈልግም አልተፈቀደለትም። ከአንኮበር ጀምሮ ያደላቸው መጻሕፍት ግን በየእጁ ቀሩ።

ሸዋ ያን ጊዜ በሌላ እሳት ላይ ነበረች። ሦስት ልደትና ተዋሕዶ የሚባለው ክርክር ደብርን ከደብር፣ አንዳንዴም ወንድምን ከወንድም ይለያይ ነበር። ዛሬ ሰው ይህን የሊቃውንት ጥል ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ በአንድ ቃል ፍቺ፣ ክርስቶስ ተቀባ ሲባል ምን ማለት ነው በሚለው ላይ የተነሣ ነው፤ አንድ ሕዝብ ስለ አንድ ቃል ፍቺ እስከዚህ ከተጨነቀ መጽሐፉን አቅልሎ አያውቅም ማለት ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ሰብስበው ክርክሩን በተዋሕዶ ዘጉት። ገበሬው ግን በዚህ ሁሉ ሙግት ውስጥ ጥቅሱን ገልጦ የሚያይበት አማርኛ አልነበረውም፤ የአለቃውን ወገን ይዞ ተሰለፈ።

በሊቁና በገበሬው መካከል የነበረው ግድግዳ የተነቀነቀው በ1916 ዓ.ም. ይመስለኛል። በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ዘመን የወንጌል አንድምታ አዲስ አበባ ላይ ታተመ፤ በዚያው ዓመት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የሕዝቅኤልን ትርጓሜ ድሬዳዋ ላይ አሳተሙ። በቃል ሲወርድ የኖረው አንድም አሁን በወረቀት ላይ ተቀመጠ። ፊደል የቆጠረ የአጥቢያ ዲያቆን ጎንደር ሳይሄድ ትርጓሜውን ሊያነብ የሚችልበት ዘመን ተከፈተ።

ብዙም ሳይቆይ ጠላት ገባ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር ደብረ ሊባኖስ ላይ ያደረገውን ሁሉም ያውቃል፤ የኢጣሊያኖቹ የራሳቸው ሪፖርት ብቻ 297 መነኮሳት መገደላቸውን ይናገራል። ከቀናት በኋላ ደግሞ 129 ዲያቆናት በደብረ ብርሃን አቅራቢያ እንገጫ ላይ ተረሸኑ። ኢያን ካምቤል የተባለው ተመራማሪ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ብዙ እጥፍ እንደሚሆን አሳይቷል። ዲያቆናቱ የኔታ ሊሆኑ የነበሩ ልጆች ናቸው። ፊደለ ሐዋርያን ወጥተዋል፣ ዳዊት ደግመዋል፤ ከእነርሱ እያንዳንዱ በየመንደሩ ስንት ልጅ ሊያስነብብ ነበር?

ከድል በኋላ የትርጉሙ ሥራ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ቀጠለ። ሊቃውንት ዕብራይስጡንና ግሪኩን እያመሳከሩ ያዘጋጁት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1954 ዓ.ም. ወጣ። ዛሬም ሽማግሌዎች የ54ቱ ይሉታል። አማርኛው ግእዙን ይሸታል፤ ጆሮው በቅዳሴ ለተቀረጸ ሰው አይሻክርም። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ከዚያው ያነባል፤ ጥቅስ ሲወራወሩ እንኳ ጥቅሱ አንድ ነው።

መንዝና ግሼ አውራጃ ከዚያ 5 ዓመት በኋላ አዲስ እንግዳ ተቀበለ። የአሜሪካ ደቡብ ባፕቲስት ሚሲዮናውያን በ1967 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ሲገቡ ሥራቸውን የጀመሩት በዚህ ደጋ ነው። የከብት ሕክምናውንም፣ እርሻውንም፣ ክሊኒኩንም ይዘው መጡ፤ ከዚያ ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ተቀምጦ ማጥናትን። አካባቢው ከጫፍ እስከ ጫፍ ኦርቶዶክስ ነው፤ ነገሩ ሁሉ ያለ ግጭት አለፈ ማለት አይቻልም። ይሁንና ገበሬ ከገበሬ ጋር ክብ ሠርቶ አንድ ምዕራፍ ይዞ ይህ ምን ማለት ነው መባባሉ ለአገሩ አዲስ ነገር ነበር። ከከተማ እስከ ገጠር የሰንበት ትምህርት ቤቶችም ያንኑ ልማድ በራሳቸው መንገድ ወሰዱት።

እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ሌላ ሥራ ተጀመረ። ዋልተር ሐረልሰን የተባለ አሜሪካዊ የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቅ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ለጥናት ፈለገ፤ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም ፈቀዱ። ከዚያ የሸዋ አድባራት ዕቃ ቤቶች ተከፈቱ፤ ከግምጃ ቤት ብራና እየወጣ በማይክሮፊልም ተነሣ። በሥራው መጨረሻ ወደ 9,000 የሚጠጋ መጽሐፍ ተቀርጾ ነበር። የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠው፣ በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነው ሳለ፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ እነዚያን መጻሕፍት አንድ በአንድ እያነበቡ ዝርዝራቸውን አዘጋጁ። በ2021 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። ዳዊት የደገመ የሸዋ ልጅ የት ሊደርስ እንደሚችል ማየት የፈለገ የእርሳቸውን ሥራ ይመልከት።

ለአንባቢው ቁጥር ከሁሉ የበለጠ ያደረገው ግን ሃይማኖት የማይወድ መንግሥት ነው። ደርግ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን ዐወጀ። በ15 ቋንቋ ተሰጠ፤ ዩኔስኮም በማግሥቱ ዓመት ሸለመው። መምህራኑና ተማሪዎቹ ወደ ገጠር ወጡ፤ በየቀበሌው ጎጆ ውስጥ ከእርሻና ከወፍጮ የመጡ አዋቂዎች ጠመኔ ያዙ። እስከዚያ ፊደል ማለት የወንድ ልጅና የደብር ነገር ነበር። አሁን እናቶች ገቡ። ዘመቻው የታሰበው ለአብዮቱ ነበር፤ ብዙዋ እናት ግን ማንበብ እንደ ቻለች መጀመሪያ የፈለገችው ውዳሴ ማርያሟንና ወንጌሏን ነው። ስለዚያ ዘመን ግፍ ብዙ መናገር ይቻላል፤ ይህችን ግን ከእርሱ አልነፍገውም።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ መንዝና ግሼ ክፉኛ ተመቱ፤ ያኔ ሰው እህል እንጂ መጽሐፍ አልፈለገም። ከዚያ የእርስ በርሱ ጦርነት አለቀ፣ መንገዱ ቀስ እያለ ተከፈተ። የወረቀቱ ዳዊት ግእዙን ከአማርኛው ጎን ለጎን ይዞ ገበያ ወጣ። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 81ዱን መጻሕፍት በአማርኛ አንድ ላይ አሳተመች፤ መጽሐፈ ሄኖክና ኩፋሌ ከገዳም ዕቃ ቤት ወጥተው ከሌሎቹ ጋር በአንድ ጥራዝ ተጠረዙ። አሁን ደግሞ መሐል ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ ያለ ወጣት ሙሉውን መጽሐፍ ስልኩ ላይ ይዞ ይዞራል። አቡ ሩሚ 10 ዓመት የደከመበት 9,539 ገጽ ከኪሱ ውስጥ ነው።

በ1971 ጠመኔ ከያዙት እናቶች አንዷን እዩልኝ። ዛሬ ዕድሜያቸው 70 ዘልቋል። የአማታቸው የብራና ዳዊት አሁንም ከችካሉ ላይ አለ፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚያወርደው የለም። እርሳቸው ግን የታተመውን አማርኛ ወንጌል ይዘው ደጃፉ ላይ፣ ብርሃን ባለበት፣ አጎዛቸው ላይ ይቀመጣሉ። መነጽራቸው አንድ እግር የለውም፣ በክር አስረውታል። ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር አስቀምጠው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ፊደል ከፊደል እያገናኙ ያነባሉ። አንድ ገጽ የጠዋቱን ፀሐይ ይጨርሳል። መሀል ላይ አንዲት ቃል ትይዛቸዋለች። ይመለሳሉ፣ ደግመው ይሏታል፣ አልሆነችም። የልጅ ልጃቸው በጎቹን ሊያወጣ በረቱን ሲከፍት ያዩታል።

«ና እስቲ አንተ ልጅ፣» ይሉታል፣ «ይቺ ምን ማለት ናት?»

ልጁ ዱላውን ከግድግዳው ያስደግፍና አጎዛው ጫፍ ላይ ከጎናቸው ይቀመጣል።